ሬንጅ በዘይት ይለቃል

«አይተሃል እንጂ!»

«እኔ ያየሁት ነገር የለም።»

«ከጎኔ ቆመህ ጨርቅ ታቀብለኝ አልነበር? ዓይንህን ለማን አውሰኸው ነበር?»

«ጋሼ፣ እሑድ ዕለት እርስዎም ‹አላየሁም› ብለው ነው የማሉት። እንዲያውም ከእኔ ቀድመው ነው የማሉት።»

ጋሼ እጅጉ በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይዘው ነበር፤ ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሯት። የሥራ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያወጡትን ቡኒ ኮት ለብሰዋል። ጫማቸውንም ጠርገዋል። ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ለዚህ እኮ ነው አብረን እንሂድ የምልህ» አሉኝ። «ቀድሜ የዋሸሁ እኔ ነኝ፤ ቀድሜ የምናገርም እኔ ልሁን። አንተ ከኋላዬ ቆመህ ‹እውነታቸውን ነው› በል። ሌላ አልጠይቅህም።»

ጋሼ እጅጉ አሠሪዬ ነበሩ፤ በእጄ የያዝኳትን ብቸኛ ሙያም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ክርክር ያደረግነው ከፍኖተ ሰላም መውጫ፣ ላህ ወንዝ አጠገብ በነበረችው መኪና ማጠቢያችን፣ ሳሙናና ባልዲ በምናስቀምጥባት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ዓመቱን በቁጥር አልጽፈውም። የመሬት ሽግሽጉ ጎረቤትን ከጎረቤት አናክሶ ካለፈ በኋላ፣ አስፓልቱ ወደ እኛ መምጣት በጀመረበት ወራት ነው ብል የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ያገኘሁትን የተቀደደ መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ፣ ራሴን ባለቅኔ አድርጌ ሾሜ ነበር። ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተሬ ከሳሙናው ካርቶን ላይ አይጠፋም። እግሬ ግን ሁልጊዜ መንገዱ ላይ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መኪና ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ጥሎኝ የሄደ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው ሽታ ነው። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ቡሬ ስነዳ፣ ጅጋን አለፍ እንዳልኩ የተቦረቦረውን አስፓልት ይጠግኑ ኖሯል። መስኮቱን ብዘጋውም የፈላ ሬንጅ ሽታ ገባ። ጠጠርና ሬንጅ የመኪናዬን ሆድ ጠብ ጠብ ሲያደርገው ይሰማኛል። ፍኖተ ሰላም ደርሼ ስወርድ የነጩ መኪናዬ ግራ ጎን ቁንጫ እንደ ወረረው አንሶላ ሆኗል። አንዲት ማጠቢያ ጋ አቆምኩ። የቦት ጫማ ያደረገች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሠረች ጠንካራ ሴትዮ ምላጭ ይዛ መጣች።

«አባ፣ ይኼንማ ሻይዎን ሳይጨርሱ ፍቅፍቅ አደርግልዎታለሁ።»

«በምላጭ እንዳትነኪው!» አልኳት፤ ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ታዲያ በምን ይልቀቅ? በጸበል?»

«በዘይት።»

«ወይ ጉድ! ሰው ለወጥ ያጣውን ዘይት ለመኪና?» ብላ ሳቀች። ከሱቅ ዘይት አስመጣሁ። ጥላ ውስጥ አቁሚው አልኳት፤ ብረቱ ይብረድ፤ ከዚያ አሸዋው በብዙ ውሃ ይውረድ። እያሾፈችብኝ ያልኳትን አደረገች። እኔም የፕላስቲክ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ወደዚያ ዘመን ሄድኩ።

በዚያ ዘመን አንድ ብርጭቆ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ዳቦውም እንዲሁ። ፒክአፕ ሙልጭ አድርጎ ለማጠብ ስድስት ብር፤ ሬንጅ ካለበት ዐሥር። የከተማው ጎረምሳ ከቡሬ የሚመጣ የሰልባጅ ጂንስ ለብሶ፣ ጉልበቱ ላይ ሆን ብሎ በድንጋይ እየፈተገ ያነጣዋል። ገበሬው አረንጓዴ ቁምጣ ታጥቆ፣ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ፣ ዱላውን አንግቶ፣ ለእህሉ የሚጨነቀውን ያህል ለፕላስቲክ ጫማው እየተጨነቀ ወደ ገበያ ይገባል፤ ምክንያቱም ትኩስ ሬንጅ ላይ የረገጠ ፕላስቲክ ጫማ እዚያው ይቀራል። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ የካሴት ቤት ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል፤ ስለ መንገድ ርቀትና ደብዳቤ ስለማትመልስ ልጅ የሚያወራ ነበር። ከመንገዱ ዳር የሬንጅ በርሜሎች በእሳት ላይ ይንተከተካሉ። ልጅ አዋቂው ጭሱን ለማየት ይሄዳል፤ «ሳል ያድናል» ብለው ሕፃን አዝለው ጭሱ አጠገብ የሚቆሙ እናቶችም ነበሩ። በዚያ ወራት ሬንጅ ያልነካው ሰው አልነበረም። የከብቱ ሰኮና፣ የቄሱ ቀሚስ ጫፍ፣ የሙሽራው ሱሪ፣ ሁሉም ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ጋሼ እጅጉ ባህር ዳር አንድ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት መኪና ቀለም ሲቀቡ ኖረው፣ ሳንባቸው ሲታመም ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቀለም መቀባት ቢተዉም ቀለም ማክበር አልተዉም። «ሬንጅ እልኸኛ ነው» ይሉኝ ነበር። «በእልኽ ከያዝከው ቀለሙን ይዞ ነው የሚሄድ። አባብለው።» ማባበያው የኑግ ዘይት ነው። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በዘይቱ ነክረው ሬንጁ ላይ ይለጥፉና እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። ሰዓት አልነበራቸውም። «አባታችን ሆይ አይበቃውም፤ ውዳሴ ማርያም ድገምለት» ብለው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ። የሬንጁ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ማልቀስ ሲጀምር ጨርቁን ሳይጫኑ በአንድ አቅጣጫ ይጠርጋሉ፤ የተጠረገበት የጨርቅ ፊት ቀለሙን ዳግም አይነካም፣ ይገለበጣል ወይም ይጣላል። አልለቅ ላለው ሌላ ዘይት፣ ሌላ ጸሎት። ላምባ የሚደርሰው ለመጨረሻው እንቢተኛ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ በሩ ሥር ተሞክሮ፣ ከእሳት ርቆ። ምላጭ፣ አሸዋና ቤንዚን በግቢያችን ክልክል ነበሩ። በስተመጨረሻ በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ሰም ይቀባል። ከዚያ ጋሼ ጎንበስ ብለው ብረቱን ከጎን ያዩታል። «ነበር የሚል የለም» ካሉ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ኩራታቸው ይኸው ነበር፤ ነበር የሚል እንዳይኖር።

ምሕረቱ የመጣው ሰኞ ማለዳ ነው። ያኔ «አቶ» እለው ነበር። ቡሬ ውስጥ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው፤ ሲስቅ ትከሻ የሚመታ፣ ሻይ የሚጋብዝ ሰው። የነጭ ፒክአፑ ግራ ጎን ከፊት መከላከያው ብረት እስከ በሩ ድረስ ጠቁሯል። «ያ የሬንጅ መንገድ ጉድ ሠራኝ» አለ። «ባንዲራ የሚይዘው ሰውዬ ገና አልወጣም ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ ሰተት ብዬ ገባሁበት። ጋሼ እጅጉ፣ ዛሬውኑ እንደ አዲስ ይሁንልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ግጥሞቼን ብዙ ጊዜ አስነብቦኝ ያውቃል፤ በቃሉም ይዟቸው ነበር። «ባለቅኔው! የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ደብተርህን ይዘህ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ማተሚያ ቤት የማውቀው ሰው አለኝ፤ መጽሐፍ ሆና ካልወጣች ምሕረቱ አትበለኝ።» እኔን ማየት ነበረባችሁ። ባልዲውን ይዤ ውሃው ጫማዬ ላይ ሲፈስ አልታወቀኝም።

ከመከላከያው ብረት ጥግ ላይ የነበረው ሬንጅ ወፍራም ነበር። ጋሼ ሦስት ጊዜ ዘይት ቀየሩለት። ጨርቁን ሲያነሡት አንድ ነገር ተጎትቶ መጣ፤ መዳፍ የማታህል የጋቢ ቁራጭ፣ በሬንጅ የጠቆረች፣ ጠርዟ ላይ በቀይ ክር ሦስት ጊዜ የተመለሰ ስፌት ያላት። የአገሬ ሴቶች እንዲህ ያለ ምልክት የሚያደርጉት ለቅሶ ቤትና ማኅበር ላይ የባላቸው ጋቢ ከሌላው እንዳይለዋወጥ ነው። ጋሼ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። «ከአህያ ጭነት የተያዘ ይሆናል» አሉና ኪሳቸው ከተቷት። ከዚያ ሌላ ጨርቅ አምጣ አሉኝ። ሥራቸውን ቀጠሉ። ማታ ፒክአፑ ከግቢው ሲወጣ ነበር የሚል አልነበረም።

በማግስቱ ወሬው ደረሰ። ከጅጋ ወዲህ፣ ከመንገዱ በታች ባለው ቦይ ውስጥ ልየው የሚባል ገበሬ ሞቶ ተገኝቷል። ጭንቅላቱ ተመትቷል። ጋቢው ላይ ሬንጅ ነበረ፤ ግን ሬንጅ የማን ልብስ ላይ አልነበረም? ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ ሄደ። የአገሩ ሰው ግን ገዳዩን ያወቀ መሰለው። ልየውና ጎረቤቱ ቢያድግልኝ ከሽግሽጉ ወዲህ በድንበር ይካሰሱ ነበር፤ ቢያድግልኝ በገበያ መሐል ዱላውን ነቅንቆ «አንድ ቀን አሳይሃለሁ» ሲለው ብዙ ሰው ሰምቷል። የልየው ወንድሞች ጠመንጃቸውን መወልወል ጀመሩ። ሽማግሎቹ ደም በደም ላይ እንዳይፈስ ብለው አውጫጭኝ ጠሩ። በእኛ አገር ጥፋተኛው ሳይለይ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ በተራው ቆሞ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ያላየም አላየሁም ብሎ ይምላል። መንገድ ዳር የሚውል ሁሉ ይምጣ ስለተባለ እሑድ ዕለት እኛም ሄድን።

ሾላው ሥር ሰው እንደ ጉንዳን ፈሷል። የልየው ሚስት ጥሩዬ ጸጉሯን ተላጭታ ከሴቶቹ ፊት ተቀምጣለች። ቢያድግልኝ ብቻውን ነበር፤ ማንም አጠገቡ አልቆመም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ጋሼ እጅጉ ተራቸው ሲደርስ ተነሡ፤ ወደ ሴትዮዋ አዩ፤ ወደ መሬት አዩ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም። ዋሽቼ እንደሆን የዘራሁት አይብቀል» አሉ። ኋላ «አፌ ቀደመኝ» ብለውኛል። እኔን ግን አፌ አልቀደመኝም። እስከ ተራዬ ድረስ አስቤበታለሁ። ሐሙስን አስቤ፣ ደብተሬን አስቤ፣ አላየሁም አልሰማሁም ብዬ ማልኩ። የምዘራው መሬት የለኝም ብዬ ራሴን ሳጽናና ትዝ ይለኛል።

ሽማግሎቹ ለረቡዕ ቀጠሩ። እንግዲህ መግቢያዬ ላይ ያለው ክርክር የረቡዕ ጠዋቱ ነው። ጋሼ ጋዜጣውን ፈቱና የጋቢዋን ቁራጭ መዳፋቸው ላይ ዘረጓት። አየኋት፤ ክው አልኩ። ነጭ ነበረች። ከሸማኔ እጅ የወጣች ይመስል ነጭ፤ ቀዩ ስፌት ደም መስሎ ደምቋል። አንዲት ጥቁር ነጥብ የለባትም።

«ጋሼ፣ ሬንጁስ?»

«አስለቀቅኩት። ሁለት ቀን በቅቤ ነከርኳት፤ ዘይት ለጥጥ አይሆንም፣ ያቆሽሻል። ከዚያ በእንዶድ አጠብኳት።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ለሚስቱ እኮ ነው የምሰጣት። የባሏን ልብስ ሬንጅ እንደለበሰ ልስጣት?»

«ጋሼ፣ ያ ከመኪና ብረት ጋር ያጣበቃት ወፍራም ሬንጅ ነበር እኮ መኪና መሆኑን የሚናገረው። አሁን ይቺ ከየትም የመጣች ጨርቅ ናት።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ታጠፈ። ያ ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ዕድሜ ልካቸውን ነበር የሚል እንዳይኖር የደከሙ ሰው፣ ነበር የሚለውን ነገር በገዛ እጃቸው አጥበው እንዳጠፉት ያን ጊዜ ነው የገባቸው። መኪናውን አጠቡት፤ ጨርቋንም አጠቧት። ለረጅም ጊዜ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው፣ «እንግዲያው የቀረነው እኔና አንተ ነን» አሉ። «የአንድ ሰው አፍ አይታመንም፤ ያውም አንዴ የማለ። የሁለት ሰው ይታመናል። ቢያድግልኝ ይሙት?»

ይህን ሁሉ ሳስታውስ አጣቢዋ ሴትዮ ከሐሳቤ ጠራችኝ። «አባ ይምጡ እስቲ! ምንም አልቀረም እኮ! ቀለሙም አልተጫረ!» ጎንበስ ብዬ ከጎን አየሁት። እውነቷን ነው። «ማን አስተማረዎ?» አለችኝ። «አንድ ሰው» አልኳት። ስማቸውን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣልኝም።

ከጋሼ ጋር አልሄድኩም። የሆነውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ብቻቸውን ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄደው ሾላው ሥር ቆሙ። እሑድ ዕለት ዋሽቼ ነው አሉ። ስለ ፒክአፑ ተናገሩ፤ ቁራጯን አወጡ። ጥሩዬ ስፌቷን እንዳየች «የእኔ እጅ ነው፣ የእኔ እጅ ነው» እያለች ወደቀች። ሽማግሎቹ ሬንጁ የት አለ አሏቸው። አጠብኩት አሉ። መኪናውስ? እሱንም አጠብኩት። ከእርስዎ ጋር ያየ ማን አለ? ጋሼ «ከእኔ ሌላ ያየ የለም» አሉ። ስሜን አልጠሩም። የልየው ታላቅ ወንድም ተነሣና፣ «የወንድሜ ጋቢ ቁራጭ ያለ ሬንጅ፣ ያለ አፈር፣ ታጥባ ተጣጥፋ መጣች። ከገዳዩ ቤት ካልሆነ ከየት መጣች? ቢያድግልኝ ነው ሽማግሌውን የላከብን» አለ። ሰዉ አጉረመረመ። ጨርቋ የምታድነው ሰው ላይ ምስክር ሆነች። ቢያድግልኝ በጥቅምት መጨረሻ፣ ውድማውን በእበት ሲለቀልቅ፣ በሁለት ጥይት ተገደለ። ጋሼ እጅጉ ከዚያ ወዲያ መኪና አልነኩም። ቡሬ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሁለት ክረምት እንኳ ሳይሞላቸው በዚያው ሳንባቸው ሞቱ። ምሕረቱን ስለ ጉዳዩ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

እኔስ? ሐሙስ ጠዋት ደብተሬን ታቅፌ ከምሕረቱ ጎን ተቀመጥኩ። ጅጋ ስንደርስ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አላየም፤ እኔም አላየሁም። ቃሉን ግን ጠበቀ፤ ይህን ልክደው አልችልም። መጽሐፏ ታተመች። ትንሽ ናት፤ ሽፋኗ ነጭ ነው። ስለ እውነት የሚያወሩ ዐሥራ አንድ ግጥሞች አሉባት። ሰዎች አሁንም አንዳንዴ ያነሡልኛል። ከእሷ በኋላ ብዙ ጽፌያለሁ፤ የበቀለ ግን የለም።

ዛሬ ግን ከሁሉም የሚመላለስብኝ ያቺ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጋሼ «ቢያድግልኝ ይሙት?» ብለው ከጠየቁኝ በኋላ ሳሙናው ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነበር። መልሴ አጭር ነበር።

«ነገ ሐሙስ ነው፣ ጋሼ።»

ገባቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ በዚያ በዘይት በራሰ እጃቸው በጥፊ ቢሉኝ ምናልባት እነሣ ነበር። የጋቢዋን ቁራጭ በጋዜጣው መልሰው ጠቀለሉ። ጠርዙን በጥፍራቸው አጠፍ፣ ደግሞ አጠፍ አደረጉት። ኮታቸውን ቆለፉ። ወደ በሩ ሄዱና ዞር አሉ።

«ደብተርህን አንሣው» አሉኝ። «ወለሉ ውሃ ነው፤ ቀለሙ ይለቅብሃል።»

ጎንበስ ብዬ ደብተሬን አነሣሁ። ቀና ስል ወጥተዋል። የቆርቆሮው በር እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ተዘጋ።